በኮቪድ ጊዜ ለእርሻ የተከፈለው ገንዘብ እኛን ለምን አለፈን?

ባለበጉ፦

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ኖብልስ ካውንቲ፣ ከወርዚንግተን ትንሽ ወጣ ብሎ። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ከ2018 ጀምሮ ግን 12 ኤከር ተከራይቼ በግ አረባለሁ። በ2020 በረቴ ውስጥ 70 በግ ነበረ፣ 25ቱ ለእርባታ የማስቀራቸው፣ 45ቱ ለሽያጭ።

የዚያን ዓመት ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 19 ነበር። በሌላ ጊዜ ከሚኒያፖሊስም ከሱ ፎልስም እየደወሉ ገና ጾሙ ሳይጋመስ ነው በግ የሚያስይዙኝ። ያን ዓመት ግን ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ ሰው ከሥራ ቀረ፣ እንግዳ መጥራት ቀረ፣ ስልኬም ዝም አለ። 45ቱም ቀሩብኝ። ድርቆሽ እየገዛሁ እስከ ኦክቶበር ቀለብኳቸውና ባገኘሁት ዋጋ ሸጥኳቸው። ከኪሴ ስንት እንደወጣ ለባለቤቴ እንኳ በትክክል አልነገርኳትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ አንድ ገጽ አሳየኝ። መንግሥት ለእርሻ የከፈለው ገንዘብ በየካውንቲው፣ በየሰው ስም ተዘርዝሯል። የኛን ካውንቲ ከፈትን። በ2020 ለኮቪድ ተብሎ የተከፈለው ብዙ ነው። መሬት ያከራየኝ ሰውዬም አለበት። ከእሱ ጋር በሰላም ነው የምንኖረው፣ ሲቸግረኝ ትራክተሩን የሚያውሰኝ ሰው ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚለየን አንድ አጥር ነው። እሱ ጋ የገባ ነገር እኔ ጋ ወሬው እንኳ አልደረሰም።

ይሄ ገንዘብ ምንድን ነበር? ለሁሉም ሰው የተላከው 1,200 ዶላር እንዳልሆነ ገብቶኛል። ለ70 በግ የሚሰጥ ነገር ነበረ ወይ? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፣ ዜጋ ስላልሆንኩ ይሆን? አሁንስ መጠየቅ ይቻላል? ደግሞ፣ ይሄን መጻፍ ከብዶኛል፣ በኔ በጎች ስም ሌላ ሰው ወስዶ ይሆን የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል።


ታክስ የምሠራው፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ታክስ ነው የምሠራው፣ ገበሬ ደንበኞችም አሉኝ፣ ስለዚህ በዚያ ጊዜ እነዚህን ፎርሞች ብዙ አይቻለሁ። የማውቀውን ልጻፍልህ።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያቃቅረው እሱ ስለሆነ። በደንቡ መሠረት ለበግ የሚከፈለው ለበጉ ባለቤት ነው። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ አከራይቶ ኪራዩን የሚቀበል ሰው በተከራዩ ከብት መጠየቅ አይችልም፣ ምክንያቱም ዋጋ ሲወድቅ የሚከስረው ተከራዩ ነው። ባለመሬትህ ራሱ የሚያርሰው በቆሎና አኩሪ አተር ካለው የተከፈለው በዚያ ነው። ያን ሐሳብ ከልብህ አውጣው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋናው ፕሮግራም ሲፋፕ ይባላል፣ ሲተነተን ኮሮናቫይረስ ፉድ አሲስታንስ ፕሮግራም ነው። ኮንግረስ ማርች 27 ቀን 2020 ባጸደቀው ኬርስ በሚባለው የኮቪድ እርዳታ ሕግ ላይ ለእርሻ የተመደበ 9.5 ቢሊዮን ዶላር ነበረ፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ቋቱ ጨመረበትና በኤፕሪል ወር ውስጥ 16 ቢሊዮን ዶላር ለገበሬ በቀጥታ እከፍላለሁ አለ። የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ከሜይ 26 እስከ ሴፕቴምበር 11፣ 2020 ነበር። ሁለተኛው ዙር ሴፕቴምበር 21 ተከፍቶ ዲሴምበር 11 ተዘጋ፣ አስተዳደሩ ሲቀየር በኤፕሪል 2021 እንደገና ተከፈተና ኦክቶበር 12፣ 2021 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። በሁለቱ ዙር በአገር ደረጃ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል።

በግ ነበረበት። ያውም በሁለቱም ዙር። ያንተን ቁጥር ይዤ አሰላሁት። በመጀመሪያው ዙር ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ ጠቦት በራስ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ፣ 33 ዶላር ነው፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በረት ውስጥ ለነበረ ደግሞ 7 ዶላር። ያንተ በጎች ለኤፕሪል 19 ፋሲካ የታሰቡ ነበሩ፣ አልተሸጡም፣ ስለዚህ የሚገቡት በ7 ዶላሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ብቻ ነበር፣ በኦገስት ግን ሁሉንም በግ አስገቡ። 70 በ7 ሲባዛ 490 ዶላር። በሁለተኛው ዙር ለእርባታ የሚቀረውን አይቆጥሩም፣ ለሌላው በራስ 27 ዶላር ነው። 45 በ27 ሲባዛ 1,215። ድምሩ 1,705 ዶላር ይመጣል።

ኪሳራህን አይሸፍንም። ድርቆሽህን ግን ይሸፍን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ግሪን ካርድ እንቅፋት አልነበረም። በሕጋዊ መንገድ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው እንደ ዜጋው ነው የሚታየው።

አሁን መጠየቅ አይቻልም፣ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ፓርፕ የሚባል ሌላ መጣ፣ የ2020 የእርሻ ገቢው ከ2018 ወይም ከ2019 ቢያንስ 15 በመቶ ለቀነሰበት ሰው። እሱ ላንተ የተሰፋ ነበር ማለት ይቻላል፣ ግን እሱም ጁላይ 14፣ 2023 ተዘጋ። ስለዚህ ማንም ሰው ደውሎ የኮቪድ የእርሻ ገንዘብ አወጣልሃለሁ፣ መጀመሪያ ይሄን ያህል ላክልኝ ካለህ ስልኩን ዝጋው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህንም እንዳትሰጠው።

ለምን አልሰማህም ላልከው መልሱ ቀላል ነው፣ ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ገንዘቡ የወጣው ኤፍኤስኤ በሚባለው፣ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ፣ በየካውንቲው ባለው ቢሮ በኩል ነው። ቢሮው ደብዳቤና ኢሜይል የሚልከው መዝገቡ ላይ ላለ ሰው ነው። መሬት ያከራየህ ሰው የአባቱ ስም ሳይቀር እዚያ አለ፣ የፋርም ቁጥር አለው፣ የባንክ ቁጥሩ ተመዝግቧል። አንተ ግን ሦስት ዓመት በግ ስታረባ ለመንግሥት መዝገብ በዚያ መሬት ላይ የለህም። አላባረሩህም፣ አላወቁህም። ገንዘቡ የሄደው መዝገቡ የሚያውቀው ሰው ጋ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ታክስ ስታስገባ የበጉን ገቢና ወጪ ስኬጁል ኤፍ በሚባለው የእርሻ ታክስ ፎርም ላይ ታስገባለህ?


የጎመኗ፦

ወንድሜ እኔ አዮዋ ነኝ፣ ጎመንና ቃሪያ ነው የምዘራው፣ ሁለት ኤከር የማትሞላ መሬት ላይ። እኔ አግኝቻለሁ። ያገኘሁትም በአጋጣሚ ነው፣ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አጠገቤ ማር የምትሸጥ አሮጊት አለች። በ2020 መጨረሻ አካባቢ፣ ሁላችንም ማስክ አድርገን ርቀን ቆመን፣ ሞላሽ ወይ አለችኝ። ምኑን አልኳት። ሳቀችብኝ፣ ከዚያ የቢሮውን ስልክ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ያን ካርቶን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ቢሮው በኮቪድ ምክንያት ለሰው ዝግ ነበር፣ ሁሉም በስልክና በኢሜይል ነው ያለቀው። እንግሊዝኛዬ በስልክ ላይ ይከዳኛል፣ ፊት ለፊት ስሆን እጄንም ዓይኔንም ተጠቅሜ እግባባለሁ፣ በስልክ ግን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ካልኩ በኋላ ሦስተኛውን ማለት ያሳፍረኛል። አስተርጓሚ በነጻ እንደሚያቀርቡ ያኔ አላወቅኩም። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የጨረስኩት፣ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር፣ አድጀስትድ ግሮስ ኢንካም የሚለውን የታክስ ቃል ለኔ ስታስረዳኝ እሷም እየተማረችው ነበር።

ለአትክልት አሠራሩ ሌላ ነው። በራስ ወይም በኤከር አይደለም፣ በ2019 ከሸጥከው ላይ በመቶኛ ነው። ሽያጩ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ 10.6 በመቶ። እኔ በ2019 የሸጥኩት 18,400 ዶላር ነበር። የመጣልኝ 1,950 ነው። በየቅዳሜው የሸጥኩትን የምጽፍባት የትምህርት ቤት ደብተር ነበረችኝ፣ ታክሴም በዚያች ደብተር ነበር የተሠራው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይገጥም ነበር። ያቺ ደብተር ባትኖር ባዶ እጄን ነበርኩ።

ከዚያ ያቺው ሴትዮ ስለ ፒፒፒ ነገረችኝ። እሱ የእርሻ ገንዘብ አይደለም፣ ለትንንሽ ንግድ የወጣ የማይመለስ ብድር ነው። መጀመሪያ ላይ ለኛ ዓይነቱ አይሆንም ነበር፣ ምክንያቱም ያሰሉት በትርፍ ነበር፣ ገበሬ ደግሞ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። በዲሴምበር 2020 በወጣው ሕግ ላይ ግን ስኬጁል ኤፍ ለሚሞላ ሰው በአጠቃላይ ሽያጩ ይሰላ አሉ። 18,400 ለ12 ወር ተካፍሎ በሁለት ወር ተኩል ሲባዛ 3,833 ዶላር። ባንኩ ሰጠኝ፣ በኋላም በአንድ ገጽ ፎርም ተሰረዘልኝ።

አንተ ላይ ያለፈው አልፏል፣ አውቃለሁ ያቃጥላል። ግን ደብተር ያዝ። ዛሬ ጀምር።


ሥጋ ፋብሪካ የሠራሁ፦

እኔ ገበሬ አይደለሁም። በ2020 ከብት የሚታረድበት ፋብሪካ ውስጥ መስመር ላይ ነበርኩ፣ የት እንደሆነ አልጽፍም። ትከሻ ለትከሻ ቆመን ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ማስክ አልነበረም። ከኛ መስመር ሰው ሞቷል። እኔም ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ተኝቻለሁ፣ ለባለቤቴና ለልጆቼ እንዳላስተላልፍ ምድር ቤት ውስጥ ብቻዬን።

ስለዚህ የእርሻ እርዳታ ሲባል ልቤ ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ድርጅት ጣሪያው 250 ሺህ ዶላር ነበር። ኮርፖሬሽን ከሆነ ደግሞ እርሻው ላይ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት የሠሩ ወይም ያስተዳደሩ ባለድርሻዎች ካሉት እስከ ሦስት ሰው ቆጥሮ 750 ሺህ ይደርሳል። ለእኛ የመጣው 600 ዶላር ነው። አንድ ጊዜ። እሱም ከመንግሥት በቀጥታ አይደለም፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተሰጥቶ በነሱ በኩል ለእርሻና ለሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች የተከፋፈለ ነው፣ እኔ ጋ የደረሰው ወረርሽኙ ካለቀ በኋላ ነው። ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ለልጄ የክረምት ጃኬትና ጫማ ገዛሁበት።

ግን ልጠይቅ። በጉ በራስ ተቆጠረ። አሳማው በራስ ተቆጠረ። በቆሎው በቡሼል ተለካ። በዚያ ዓመት ያንን ምግብ ሰው ማዕድ ላይ እንዲደርስ ያደረገው እጅ በምን ተለካ? ባለበጉን አልወቅስም፣ የሱም ጉዳይ ያሳዝነኛል። ይሄ ክር ላይ ግን ስለ ሠራተኛው አንድ ሰው መጻፍ አለበት ብዬ ነው።


ጎተራ የምሠራው፦

ወንድሜ ስላለፍክበት ነገር ከልቤ አዝናለሁ። 600 ዶላሩ ትንሽ ነው፣ በዚያ አልከራከርህም።

እኔ እህል መቀበያ ጎተራ ነው የምሠራው፣ ከገበሬው ጋር ቀኑን ሙሉ ነው የምውለው፣ ስለዚህ የነሱን ወገን ልናገር። በኤፕሪል 2020 ሰው መኪና መንዳት ሲያቆም ኤታኖል፣ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ፣ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ቆሙ። የዚህ አገር በቆሎ ከሦስት እጅ አንዱ የሚሄደው ወደ ኤታኖል ነው። ዋጋው ሲወርድ በየቀኑ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ባንክ ተበድሮ ዘር የገዛ ሰው መጥቶ ሰሌዳውን አይቶ ምንም ሳይናገር ወደ መኪናው ይመለሳል። ያንን አይቻለሁ። ስለዚህ እርዳታው ሳያስፈልግ ተሰጠ የሚለውን አልቀበልም።

አሰጣጡ ላይ ግን የማልወደው ነገር አለ። በሁለተኛው ዙር ለበቆሎ የተሠራበት ቀመር እንዲህ ነው። ኤከሩን በቡሼል ምርቱ ታባዛለህ፣ ከዚያ 40 በመቶውን ትወስዳለህ፣ በ58 ሳንቲም ታባዛለህ። 1,000 ኤከር ያለውና በኤከር 180 ቡሼል የሚያገኝ ሰው 41,760 ዶላር ይደርሰዋል። በ2021 ደግሞ በኤከር 20 ዶላር ተጨመረ፣ ምንም አዲስ ማመልከቻ ሳያስገባ ሌላ 20,000። በዚያ ላይ ከበልግ 2020 ጀምሮ የበቆሎ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። በቆሎውን በጎተራ ይዞ የቆየ ሰው እርዳታውንም ወሰደ፣ በጥሩ ዋጋም ሸጠ። ማጭበርበር አይደለም፣ ደንቡ የሚለውን ነው ያደረገው። ቀመሩ ግን ማን እንደተጎዳ አይጠይቅም፣ ስንት ኤከር እንዳለህ ነው የሚጠይቀው። ብዙ ያለው ብዙ ወሰደ። ባለበጉ ተመዝግቦ እንኳ ቢሆን የሚያገኘው 1,705 ነበር።


አሳማ ቤት ያለሁት፦

አንድ የተረሳ ወገን ልጨምር። ሚኒሶታና አዮዋ ውስጥ መንገድ ዳር የምታዩዋቸው ረጃጅም የአሳማ ቤቶች፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው አሳማ የባለቤቱ አይደለም። ቤቱ የገበሬው ነው፣ ዕዳውም የገበሬው ነው፣ አሳማው የኩባንያ ነው። ገበሬው የሚከፈለው ለማሳደጊያው ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ባለ 2,400 አሳማ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ነው የምሠራው።

ሁለተኛው ዙር ለአሳማ በራስ 23 ዶላር ሰጠ። 2,400 በ23 ሲባዛ 55,200 ነው። ለአሠሪዬ የደረሰው ግን ዜሮ ነበር፣ ምክንያቱም የሱ አሳማ የለም። በኤፕሪል ወርዚንግተን ያለው ፋብሪካ ሲዘጋ፣ በቀን 20,000 አሳማ ገደማ የሚያርድ ፋብሪካ ነው፣ አሳማው መሄጃ አጣ። በየቀኑ ይወፍራል፣ ቤቱ ይጠባል። በኋላ እንዲገደሉ ተወሰነ። እዚያ ነበርኩ፣ ስለሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቆየ። ባዶ ቤት አይከፈልበትም፣ ባንኩ ግን ይጠብቃል። እኔም ሰዓቴ በግማሽ ተቀነሰ።

ለነዚህ ሰዎች ነገሩ የተስተካከለው በኦገስት 2021 ነው፣ በኮንትራት ለሚያረቡ ሰዎች የ2020 ገቢያቸው ከቀድሞው የቀነሰውን እስከ 80 በመቶ ድረስ። እሱም ኦክቶበር 12 ላይ ተዘጋ፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። አሠሪዬ ደረሰበት፣ ምክንያቱም ቢሮው ያውቀው ነበር። ታክስ የምትሠራው እህታችን ያለችው ይሄን ነው። ነጭ ነው ጥቁር ነው፣ ትልቅ ነው ትንሽ ነው ከማለት በፊት፣ መዝገቡ ላይ ነህ ወይ ነው።


ሥጋ ፋብሪካ የሠራሁ፦

መዝገቡ ላይ ያልሆነው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን። በ2021 ኮንግረስ ለጥቁርና ለሌሎች አናሳ ገበሬዎች የዕዳ ስረዛ አውጥቶ ነበር፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር። ፍርድ ቤት በጁን አገደው፣ አንድም ሳይፈጸም ማለት ይቻላል በ2022 ሕጉ ራሱ ተሰረዘ፣ በሌላ ተተካ። ስለዚህ በደንብ ባልተስተናገደ ሰው ላይ ለምን አልተመዘገብክም ብሎ ማቆም ልክ አይመስለኝም።


ታክስ የምሠራው፦

ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ ማቆም ልክ አይደለም። እኔም ባለበጉን ለመውቀስ አልነበረም የጻፍኩት፣ እንደዚያ ከተሰማ ይቅርታ። ማሳወቅ የቢሮው ሥራ ነው። ነገር ግን የሚቀጥለው ድርቅ ወይም በሽታ ሲመጣ እንደገና እንዲያልፈው አልፈልግም፣ ለዚያ ደግሞ ሕግ እስኪቀየር መጠበቅ አይቻልም።


ባለበጉ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሥጋ ፋብሪካ የሠራኸው ወንድሜ፣ ያንተን ሳነብ ስለ ድርቆሽ ማማረሬ ከበደኝ። እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅ።

እህቴ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ስኬጁል ኤፍ እሞላለሁ፣ ግን ከ2021 ጀምሮ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በግ ማርባት ሆቢ ነው፣ አታስገባው ብሎኝ ነበር። እና ኪራዬ በቃል ነው፣ ወረቀት የለንም። እንደዚህ ሆኜ ኤፍኤስኤ ጋ መሄድ እችላለሁ? ምን ይዤ ልሂድ? ደግሞ የድሮውን እያነሱ ለምን አላሳወቅክም ብለው ችግር አይፈጥሩብኝም?


ታክስ የምሠራው፦

ከ2021 በፊት ያለውን ታክስህን እንዲያይልህ ባለሙያ አነጋግር፣ የሚስተካከል ካለ እሱ ይነግርሃል። ኤፍኤስኤ ግን የታክስ ፖሊስ አይደለም፣ የፋርም ቁጥር ለማውጣት ሄድክ ተብሎ የሚመጣብህ ነገር የለም።

ስትሄድ መታወቂያህን፣ ግሪን ካርድህንና ሶሻልህን ያዝ፣ የባንክ ቁጥርህንም። ለመሬቱ ባለመሬቱ የሚፈርምበት አጭር ወረቀት ይበቃል፣ ይሄን ያህል ኤከር፣ እዚህ ቦታ፣ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ለዚህ ሰው አከራይቻለሁ የሚል። አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብለህ ቀጠሮ ስትይዝ ተናገር፣ በነጻ ነው። እርሻ ከጀመርክ አሥር ዓመት እስካልሞላህ ድረስ እንደ ጀማሪ ገበሬ ነው የምትታየው፣ ለአንዳንድ ነገር ክፍያ ይቀርልሃል። እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ማይክሮሎን የሚባል ትንሽ ብድርም አላቸው። ሚኒሶታ ስለሆንክ በስቴቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ ኢመርጂንግ ፋርመርስ ኦፊስ አለ፣ እንዳንተ ላለ ሰው የተቋቋመ ነው፣ እነሱንም ደውልላቸው።

ከዚያ ካውንቲ ኮሚቴ የሚባል አለ። በየካውንቲው ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት፣ ከ3 እስከ 11 ሰው። ቢሮው አካባቢውን እንዴት እንደሚያገለግል ድምፅ አላቸው። ከተመዘገብክ በኋላ በኅዳር አካባቢ የምርጫ ወረቀት በፖስታ ይመጣልሃል። እባክህ አትጣለው። ብዙ ደንበኞቼ ማስታወቂያ መስሏቸው ነው የሚጥሉት።

ለወደፊቱ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ክፍያ ካገኘህ ታክስ አለበት። 1099-ጂ የሚባል የታክስ ፎርም ይላክልሃል፣ ስኬጁል ኤፍ ላይ ለመንግሥት ክፍያ የተለየ መስመር አለ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ይሄን ረስተው በኋላ ከነቅጣቱ የከፈሉ ሰዎች ወደ እኔ መጥተዋል።


የጎመኗ፦

ባለበጉ፣ ቢሮ ስትሄድ በስንት በግ እንደጀመርክ፣ መቼ እንደወለዱ፣ ስንት እንደሸጥክ፣ ስንት እንደሞተ በቀን በቀን ጽፈህ ሂድ። እኔ የያዝኩት ደብተር ነው ያዳነኝ። ቆንጆ መሆን የለበትም።


ባለበጉ፦

ለሁላችሁም የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ባለመሬቱ ጋ ሄድኩ። ልቤ እየመታ ነበር፣ ስለ ዝርዝሩ ላንሳ አላንሳ እያልኩ። አነሳሁት። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ቆየና፣ አንተም የወሰድክ መስሎኝ ነበር አለኝ። ሁሉም ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል ብሎ ነበር የሚያስበው፣ እሱ ተወልዶ ሙሉ ዕድሜውን ስለሚደርሰው። ከዚያ ቤት ገብቶ ወረቀት ይዞ ወጣ፣ የትራክተሩ ኮፈን ላይ አስደግፎ 12 ኤከር ከ2018 ጀምሮ ብሎ በእጁ ጽፎ ፈረመልኝ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ አብሬህ እሄዳለሁ ብሎኛል። አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ፣ በስልክ እናገናኝሃለን አሉኝ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የ2020ን ኪሳራ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ደመርነው። እንደፈራሁት አልተቆጣችም፣ ይልቅ የድሮ የድርቆሽ ደረሰኞችን ከጫማ ካርቶን ውስጥ አወጣችልኝ፣ ለካ አንዱንም አልጣለችም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የተወለዱትንና የሞቱትን የምጽፈው በአማርኛ ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። እንዲህ እንዳለ ይዤው ልሂድ ወይስ በእንግሊዝኛ ልገልብጠው?


ታክስ የምሠራው፦

ገልብጠው፣ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገው። ዋናውንም አብረህ ያዝ።